ከምስማር ስለወረዱት ኩባያዎች፦ ለአስተዋዋቂያችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር አቶ ፕሬስተን ትዊቸል
የትዊቸልና ባልደረቦቹ የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ሚኒያፖሊስ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባልደረቦችዎና ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» እያለ ለሚያጽናናኝ ድምፅ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ የቤትዎ ማሞቂያ ያልተበላሸ፣ መኪናዎም በጠዋት ያለ ልመና የሚነሣ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ በጓንት ሐይቅ ዳር የምንኖረው ሁላችንም ደህና ነን። የሐይቁ በረዶ ፒካፕ መኪና እስኪሸከም ድረስ ወፍሯል። የዓሣውን ነገር ግን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ እንዳወጣ ያደረገኝ እሱ ነውና።

አይሊ ኒስካነን እባላለሁ። በኪቪላ ከተማ፣ ከሐይቁ መውረጃ አጠገብ፣ በረዶውን ሰርስረው በቀዳዳው ለሚያጠምዱ ዓሣ አጥማጆች ትልና ሕያው ትንንሽ ዓሣ፣ መንጠቆና የበረዶ መሰርሰሪያ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ስሜን መናገሬ በላኩልኝ ወረቀቶች ሁሉ ላይ «ውድ የንግድ አጋራችን» እየተባልኩ ስለከረምኩ ምናልባት ተረስቶ እንደሆነ ብዬ ነው። በቅርቡ በደረሰኝ ደብዳቤዎ፣ ለመጪው ክረምትም ውላችንን እንዳድስና ድርጅትዎ ለንግዴ ይስማማ እንደሆነ «ያለ አንዳች ይሉኝታ» እንድገልጽ ጠይቀውኛል። ይህንኑ ደብዳቤ ቃል በቃል የጫማ ጠጋኙም፣ የዳቦ ቤቱም፣ የቀብር አስፈጻሚውም እንደደረሳቸው ስለሰማሁ፣ መልሱን ለየብቻችን ከምንጽፍና የእርስዎን ውድ ጊዜ ከምናባክን፣ እኔ ለሁላችንም በአደባባይ ብጽፍ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። የተባልኩትንም ይሉኝታ በተቻለኝ መጠን አስቀርቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አሥሩ ጥያቄዎች።

በመከር የላኩልንን «ንግድዎ አስተዋዋቂ ያስፈልገዋልን?» የሚል መጠይቅ እኔና እህቴ ሂልካ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን ሞላነው። ሂልካ ከሱቄ ጎን የእንግዳ ማረፊያ አላት። «ደንበኞችዎን በሚገባ ያውቋቸዋልን?» ለሚለው ጥያቄ እኔ «አዎ፤ ከነውሾቻቸው ስም» ብዬ መለስኩ። እሷ ደግሞ «አላውቃቸውም፤ ማታ ይመጣሉ፣ ጠዋት ይሄዳሉ፣ ፎጣዬን ይዘው» ብላ ጻፈች። መልሱ ሲመጣ ለእኔ ደንበኞቼን ማወቄ ታላቅ ዕድል በመሆኑ በአስቸኳይ እንዳነጋግራችሁ፣ ለእሷም ደንበኞቿን አለማወቋ ታላቅ አደጋ በመሆኑ በአስቸኳይ እንድታነጋግራችሁ ይመክር ነበር።

«አየሽ፣ የሁለታችንንም ችግር አወቁት!» አለች ሂልካ።

«ሐኪሙ ለራስ ምታትም ለተሰበረ እግርም አንድ ኪኒን ሲያዝ ደስ ይልሻል?» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ አባታችን ከሞተ ጀምሮ አምፖል እንኳ ቀይረሽ አታውቂም። ትሎችሽ ራሳቸው ሰልችተውሻል።»

እህት የተናገረችው ነገር ሲያናድድ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለአንድ ክረምት ብቻ ፈረምኩ። በፊርማው ቀን ክቡርነትዎ ራስዎ ሱቄ ድረስ መጥተው እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው የተናገሩትን ዛሬም አስታውሳለሁ። «እኔም እኮ የእናንተው ሰው ነኝ፤ እዚሁ ሐይቅ ላይ ማረፊያ ቤት አለኝ፤ ጸጥታውን ፍለጋ ነው የምመጣው፤ የት እንደሆነ ግን ለቢሮ ሰው እንኳ አልናገርም» ብለው በዓይንዎ ጠቀስ አድርገውኝ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። አነጋገርዎ በትክክል የእኛን አገር ሰው ይመስል ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰሌዳው።

አባቴ በጣሪያው ላይ የሰቀለው ሰሌዳ በቀይ ቀለም «ትል» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። ነፋስ በረዶውን እያዞረ በሚያመጣበት ቀን እንኳ ከአውራ ጎዳናው ይነበባል። ባለሙያዎችዎ ቃሉ «አሉታዊ ስሜት እንደሚፈጥር» በጥናት አረጋግጠው፣ ሰሌዳውን አውርደው፣ በምትኩ «ጓንት፦ የሐይቁ ዳር ተሞክሮ» የሚል ጽሑፍ በቀጭኑ ግራጫ ፊደል በነጭ ሰሌዳ ላይ አስጽፈው ሰቀሉ። የዓመቱ ግማሽ ነጭ በሆነበት አገር ነጭ ሰሌዳ መስቀል የድፍረት ሥራ መሆኑን ሳላደንቅ አላልፍም። ከሁለት ወይዘሮዎች በቀር ያነበበው አልነበረም። እነሱም ገብተው የማሳጅ ዋጋ ጠየቁኝ።

በዚያው ሳምንት ዴልበርት ሳልሜላ ሱቄን አልፎ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና አልፎ ሄደ። ዴልበርት ከብረት ማዕድን ማውጫው በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን ሲሆን መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። በሦስተኛው ቆመና ገባ።

«አይሊ፣ ሞተሻል ብዬ እኮ ነበር።»

«አልሞትኩም።»

«ታዲያ ማነው የሞተው? ይህ የቀብር አስፈጻሚ ሰሌዳ ነው።»

የቀብር አስፈጻሚው በኋላ ሲሰማ የእሱ ሰሌዳ ከዚህ የደመቀ መሆኑን አስረድቶ ቅር ተሰኝቷል። እኔ ግን ስሞት ማን መኪናውን አዙሮ እንደሚመለስ በሕይወት ሳለሁ እንዳውቅ ስላደረጉኝ ባለ ውለታዬ ነዎት።

ሦስተኛ፤ ስለ ፎቶግራፎቹ አጭር ነገር ልበል። ፎቶ አንሺዎ ደንበኞቼን ዓሣ አስይዞ «ደስታችሁን አሳዩን» ሲላቸው፣ ዴልበርት «ይኸው እያሳየሁ ነው» ብሎ እንደተለመደው ፊቱን አጠቆረ። በመጨረሻ ፎቶው ላይ የወጣው ጥርሱ የሚያበራ ወጣት እኛ የማናውቀው ሰው ነው። የያዘው ዓሣም የባሕር ዓሣ ነው። ይህን ያህል ርቀት ተጉዞ ስለመጣልን ዓሣውን እናመሰግናለን።

እስከዚህ ያነሣኋቸው ነገሮች ከስድብ የማይቆጠሩ ቀልዶች ናቸው። ንግድ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን እየሳቀ ያልፈዋል። አራተኛውን ግን ስቄ ማለፍ ስላልቻልኩ፣ ክቡርነትዎ ወንበር ስበው እንዲቀመጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ኩባያዎቹ።

በሱቄ የእንጨት ምድጃ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ምስማሮች ተደርድረዋል። በየምስማሩ ላይ አንዳንድ ኩባያ ይንጠለጠላል። ፎቶ አንሺዎ «የሚያምር የድሮ ነገር» ብሎ ፎቶ አንሥቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። ቢጠይቅም የሚነግረው ሰው ባላገኘ ነበር፤ እኛ ራሳችን ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅምና። ስለዚህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

በዚህ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያገኘ ሰው አላገኘሁም ይላል። በጎዳና ላይ «እንዴት ነው ዛሬ?» ቢባል፣ የፒካፑ ጀርባ በዓሣ ሞልቶ እንኳ «ምንም የለም፤ አንድ ሁለት የማይረቡ» ነው የሚለው። የሚሰማውም ሰው ውሸት መሆኑን ያውቃል። ሰላምታ ነውና ማንም አይቀየምም። ነገር ግን ሐይቁ ሰፊ፣ ክረምቱም ረጅም ስለሆነ ሁሉም ሰው ብቻውን ሊፈልግ አይችልም። ስለዚህ ሰው ወደ ሱቄ ይመጣል፤ ቡናውን በራሱ ኩባያ ይቀዳል፤ ያገኘበትን ቦታ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነግረኛል። እኔም ለሌላው፣ በተራው፣ ያመጣውን አይቼ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እነግረዋለሁ። ማን ከማን ጋር እንደማይስማማ፣ የማን ጉልበት ሩቅ መሄድ እንደማያስችለው አውቃለሁና አንዱ በሌላው ላይ እንዳይጨናነቅ አድርጌ አከፋፍላለሁ። ኩባያው በምስማር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ምሥጢሩን ይሰማል። ኩባያ የሌለው ሰው ምድጃው አጠገብ ከተቀመጠ ግን ወሬው ሁሉ ስለ አየር ጠባይ ይሆናል። ሕጉ ይህ ብቻ ነው።

ለማስታወቂያው ወሬ እንድትሰበስብ ከቢሮዎ የተላከችው ወይዘሪት ካሚል በታኅሣሥ ስትመጣ በከተማ ጫማ ነበር። እግሯ በርዶ ጥርሷ ሲንገጫገጭ አይቼ፣ ዶሮ የተሳለበት ኩባያ አውጥቼ ቡና ሰጠኋት። መልካም ሰው ናት፤ ትጠይቃለች፣ ታዳምጣለች፣ ስትስቅም ከልቧ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተቀመጠች በኋላ ኩባያዋን አጥባ «የት ላስቀምጠው?» ስትለኝ፣ እጄ ሳላስበው ወደ ባዶው ምስማር አመለከተ። እንግዳ ማክበር ነበር፤ ያደረግኩት ግን ሌላ ነገር ነው።

በማግሥቱ ዴልበርት ገባ። የጢሙን በረዶ እያራገፈ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ግድግዳውን አየ። የዶሮዋን ኩባያ አየ፤ ካሚልን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ተቀምጦ ቡናውን ቀዳና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ከአሮጌው እንጨት መሰንጠቂያ ፊት ለፊት። ጠማማዋ ጥድ የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ ስትሸፍንልሽ ትቆሚያለሽ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል» አለኝ።

«ብዙ ነው?»

«ምንም የለም» አለና ኩባያውን አፉ ላይ አደረገ። ይህም በእኛ ዘንድ እጅግ ብዙ ነው ማለት ነው።

ያ ቦታ ከውኃው ሥር ዓሣ የሚሰበሰብበት ጉብታ አለው። ዴልበርትና አሁን በሕይወት የሌለው ወንድሙ በወጣትነታቸው ድንጋይ በገመድ አስረው እያወረዱ ጥልቀቱን ለክተው ያገኙት ነው። ወንድሙ ከሞተ በኋላ ዴልበርት የማጥመጃ ጎጆውን እዚያ በረዶው ላይ ያቆማል፤ ሁለት ቀዳዳ ይሰረስራል፤ በአንዱ ብቻ ያጠምዳል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድርጅትዎ «የሳምንቱ ምርጥ ቦታ፦ የአገሬው ሰው ምሥጢር» በሚል ርእስ፣ ከመሰንጠቂያው፣ ከጥዱና ከቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ጋር ካርታ በኢንተርኔት አወጣ። ካርታው እንከን የለሽ ነበር። በድርጅትዎ ሥራ ላይ ስሕተት ያላገኘሁበት ብቸኛ ጊዜ ያ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናው ሰልፍ ከሐይቁ መውረጃ ተነሥቶ፣ የሂልካን ማረፊያ አልፎ፣ አውራ ጎዳናው ደርሶ ነበር። የዴልበርት ጎጆ በመኪናና በሙዚቃ መካከል ተውጣ ቀረች። አንድ ስልኩን ወደ ፊቱ የደገነ ሰው በሯን አንኳኩቶ፣

«አባባ፣ ታዋቂው ቦታ ይህ ነው?» ሲለው፣

«የለም፣ ይህ ሽንት ቤት ነው፤ ወረፋ ያዝ» ብሎ በሩን ዘጋ። ሰውየው ይህንንም ቀርጾ አወጣው። ድርጅትዎም በኩራት አሠራጨው። እሑድ ማታ በቦታው የቀረው ባዶ ጣሳና አንዱ የሌላውን መስመር የነካ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ዓሣው ሄዷል።

ሰኞ ዴልበርት መጣ። አልተቀመጠም። ወደ ግድግዳው ሄዶ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ምልክት ያለባትን፣ ጠርዟ የተሸረፈች ኩባያውን ከምስማሯ አወረደ።

«ዴልበርት፣ እኔ አልተናገርኩም» አልኩት።

«አውቃለሁ። አንቺ ምስማር ነው የሰጠሻት።»

ኩባያዋን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው የየራሳቸውን ወሰዱ። አንዳቸውም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ትል ገዝተው፣ አመስግነው ሄዱ። «እንዴት ነው ዛሬ?» ስላቸው «ምንም የለም፤ አንድ ሁለት የማይረቡ» አሉኝ። ለመንገደኛ የሚባለው ውሸት በገዛ ሱቄ ውስጥ ለእኔ ተነገረኝ።

ማታ ማታ ስለ ዕለቱ ጥቂት መስመር የመጻፍ ልማድ አለኝ። በዚያ ቀን የጻፍኩት «ሽያጭ ጥሩ። ወሬ የለም።» የሚል ብቻ ነው። የድርጅትዎን አገልግሎት በዚህ አጭር ቃል ጠቅልሎ የሚገልጽ ማስታወቂያ ቢፈልጉ በነጻ ሰጥቻለሁ።

ማክሰኞ ለክቡርነትዎ ደወልኩ። ከአጽናኙ ድምፅ ጋር ለረጅም ጊዜ ከቆየሁ በኋላ እርስዎ ራስዎ ቀረቡና እንደ አብሮ አደግ በስሜ ጠሩኝ።

«አይሊ! ፈነዳ እኮ! ስንት ሰው እንዳየው ታውቂያለሽ?»

እኔም ዴልበርት አለማየቱ እንደሚሻለው፣ ኩባያዎቹም እንደወረዱ ለማስረዳት ሞከርኩ። እርስዎ ግን፣ «ኩባያ ከሆነ ችግሩ እኛ እናሠራልሻለን፤ የሱቅሽ ስም የታተመበት፤ በደርዘን!» አሉኝ። ቀጥለውም በየሳምንቱ አንድ አዲስ ቦታ እንድሰጥዎ ጠየቁኝና ከዚህ በኋላ ልረሳው የማልችለውን ቃል ተናገሩ፦ «የተደበቀውን ሁሉ እናውጣው። በዚህ ዘመን መደበቅ ማለት መሞት ነው።»

አሁን፣ አስተያየቴን በሐቀኝነት ስለጠየቁኝ፣ በነጋዴ ዓይን ልመልስ። በዚያ ሳምንት ሱቄ ውስጥ አንድም ትል አልቀረም። ይህን መካድ ነውር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን፣ አዲስ ቦታ ስላልሰጠሁዎ፣ ካርታ ያላገኘው ሕዝብ ወደ ሌላ ሐይቅ ሄደ። እኔም ከሙሉ የትል ሣጥኖቼና ከባዶ ግድግዳዬ ጋር ቀረሁ። የእህቴ የሂልካ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ክፍሎቿ ሞልተዋል፤ በድረ ገጽዋ የተለጠፉት ፎቶዎች ከአልጋዎቿ ይልቅ ይመቻሉ፤ ለመጪው ክረምትም በደስታ ልትፈርም ነው። መፈረሟም ልክ ነው። የእሷ እንግዳ የማታውቀው ሰው ነው፤ የማታውቀውን ሰው ለመጥራት ጮክ ብሎ የሚጣራ ያስፈልጋል፤ ጮክ ብሎ በመጣራት እርስዎን የሚያህል የለም። ስለዚህ መጠይቅዎን ለመሙላት ለሚያስቡ የከተማችን ነጋዴዎች ከአሥሩ ይልቅ አንድ ጥያቄ ለራሳቸው እንዲያቀርቡ እመክራለሁ፦ ደንበኛዬ ወደ እኔ የሚመጣው ስለምናገር ነው ወይስ ስለማልናገር?

ትል ነዳጅ ማደያውም ይሸጣል፤ ከወተቱ አጠገብ፣ ከእኔ በረከሰ ዋጋ። ሰው ማደያውን አልፎ እኔ ዘንድ የሚመጣው ትሌ ስለሚበልጥ አይደለም። ምድጃው አጠገብ የተባለው ምድጃው አጠገብ ስለሚቀር ነው። እኔ የምሸጠው ዝምታ መሆኑን እኔም በውል ያወቅኩት ግድግዳው ባዶ ሲሆን ነው። ለዚህ ትምህርት ድርጅትዎን አመሰግናለሁ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲም አይሰጥም።

ከድርጅትዎ ሰዎች ይህ የገባት አንዲት ሰው ናት። ካሚል የሆነውን ስትሰማ፣ በዚህ ጊዜ በደህና ቦት ጫማ፣ ራሷ መኪና ነድታ መጣች። «ሱቅ ውስጥ የሚባል ነገር ለሁሉም የሚባል መስሎኝ ነው» አለችኝ። ከዚያም ሳላዛት የዶሮዋን ኩባያ ከምስማሩ አወረደች፣ አጠበች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ደመወዝ የሚጨምሩበት ሰሞን ከሆነ ስሟን እንዳይረሱብኝ አደራ።

እኔም ወደ ዴልበርት ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተልኝ፤ አስቀመጠኝ፤ ቡና አቀረበልኝ። ያቀረበው ግን አበባ በተሳለበት፣ ማስቀመጫ ሳሕን ባለው፣ በሟች ሚስቱ የእንግዳ ስኒ ነው። የአገራችንን ሰው ለማያውቅ ክብር ይመስላል፤ ለእኛ ግን «እንግዳ ነሽ» ማለት ነው። ያን ስኒ እንደያዝኩ ከዚያ ቤት መውጣት እንዳማረኝ ብቻ ልንገርዎ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ።

«ለሰውየው ልጽፍለት ነው።»

«ደብዳቤ ያነባል?»

«በጋዜጣ ነው የማወጣው። እሱ ባያነብ የሚያነብለት አይጠፋም።»

  ስኒዬ ግማሽ ሲደርስ፣

«ውሉንስ?» አለኝ።

«አላድሰውም። ሰሌዳውንም ነገ ከሂልካ ጋር ወጥተን እንቀይረዋለን።»

«ሂልካ ጣሪያ ላይ ልትወጣ? እሱንስ ማየት አለብኝ» አለ።

መጣ። እሷ መሰላሉ ላይ ሆና «ይህን ሁሉ የማደርገው ለትል ነው! ለትል!» እያለች ስትጮህ፣ እሱ ከታች መሰላሉን ይዞ «ዝቅ በይ፣ ፊደሉን ሸፈንሽው» ይላት ነበር። ቀዩ ሰሌዳ ወደ ቦታው ተመልሷል። የእርስዎን ግራጫ ሰሌዳ ቀብር አስፈጻሚው አይቶት አልፈለገውም፤ ስለዚህ የትል ሣጥኖቹ መክደኛ ሆኗል፤ ለዚያ በጣም ተስማምቷል።

ስለዚህ ክቡር አቶ ትዊቸል፣ ድርጅትዎ ለንግዴ ይስማማል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬ እንዳለ ሆኖ፣ አይስማማም ነው። ውላችን በረዶው ሲቀልጥ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ያለውን ጊዜ ምንም ባለመሥራት ቢያገለግሉኝ፣ በክረምቱ ሁሉ ካገኘሁት አገልግሎት የበለጠውን እንዳደረጉልኝ እቆጥራለሁ። በደርዘን ላሠራልሽ ያሉኝንም ኩባያዎች ይተዉልኝ፤ እኔ የጎደለኝ ኩባያ አይደለም።

ለክቡርነትዎ መልካም ጤና፣ ለድርጅትዎ ስሙ እንዲጠራ የሚፈልግ ብዙ ደንበኛ፣ ለአጽናኙም ድምፅ ጥቂት ዕረፍት እየተመኘሁ፣ እጅዎን እንደ እርስዎ በሁለት እጄ ይዤ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አይሊ ኒስካነን
ትል
ኪቪላ፣ ሚኒሶታ

ማስታወሻ፦ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ቦታ እንድሰጥዎ የጠየቁኝን ዘንግቼ እንዳይመስልዎ። ዴልበርት መሰላሉን እንደያዘ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «ያ ሰውዬ ቤቱ አረንጓዴ ጣሪያ ያለው አይደል? ደጃፉ ላይ የእንጨት ድብ የቆመበት፣ የፖስታ ሣጥኑ ስም የሌለው?» ሲል ጠየቀኝ። መሆኑን ነገርኩት። «ከበረንዳው ፊት ለፊት ያለው ውኃ ድንቅ ነው፤ ባለቤቱ ጸጥታ ስለሚወድ ብዬ እስከዛሬ አልነካሁትም» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት የወጥ ቤትዎን መጋረጃ ሲገልጡ በረዶውን ሲሰረስር ያዩታል። የሳምንቱ ምርጥ ቦታ እሱ የቆመበት ነው። ቤትዎ የት እንደሆነ በኪቪላ የማያውቅ ሰው የለም። ሆኖም ማንም ለእንግዳ ነግሮ አያውቅም፤ አሁንም አይነግርም። በካርታ ላይ ሊያወጣው የሚችለው ድርጅት የእርስዎ ብቻ ነውና፣ አስተዋዋቂ ይስማማኛል ወይስ አይስማማኝም የሚለውን ጥያቄ አሁን እርስዎ ይመልሱት። ቢያወጡት ቃልዎን ያከበሩ ሰው ነዎት፤ የመኪናውን ሰልፍ የሚያስተናግድ ቦታ ሂልካ ታዘጋጃለች። ባያወጡት ግን ከዴልበርት ጋር ወደ ሱቄ ብቅ ይበሉ። ይህን ስጽፍ ትል ሊገዛ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ቆሟል፤ የተሸረፈችው ኩባያ ጆሮ ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሎ ይታየኛል። ግድግዳው ላይ ለእሷም ለእርስዎም የሚሆን ምስማር አለ። ሲመጡ «እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቅዎታለሁ፤ ምን ብለው እንደሚመልሱ አሁን ያውቃሉ።